የእጅ ዋጋና የመንገድ ዋጋ፤ በገፈርሳ ዙሪያ ስለሚሠሩ ከሩቅ የመጡ ባለሙያዎች ደመወዝ

አንድ እርሻ እንዲለማ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም መሬት፥ ገንዘብና ዕውቀት ናቸው። መሬት በስፍራው ይገኛል፤ ገንዘብም በብድር ይመጣል፤ ዕውቀት ግን በሰው ላይ አድሮ የሚጓዝ ሀብት ስለ ሆነ፥ የሚገኘው ባለቤቱ ወዶ ሲመጣና ወዶ ሲቈይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱን ይዞ ከሩቅ ለመጣ ሰው የሚከፈለው ደመወዝ፥ ከጎኑ ቆሞ አብሮት ለሚሠራው ለአገሩ ልጅ ከሚከፈለው ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን መመርመር የአሠሪው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእርሻን ሥራ የሚጠብቅ ሹም ሁሉ ጉዳይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው ቡራዩን ሲያልፍ በመጀመሪያ የሚያየው ለዋናው ከተማ ሕዝብ መጠጥ የሚሆነውን የገፈርሳን ግድብ ውሃ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ መናገሻና ወደ ሆለታ ሲጠጋ፥ ዱሮ ገብስና ስንዴ ይዘራበት በነበረው ሜዳ ላይ በላስቲክ የተሸፈኑ ረዣዥም ቤቶች በረድፍ ቆመው ያያል። በጅማ ጎዳና ወደ ሰበታና ወደ ተፍኪ የሚወርድም እንዲሁ ያያል። በጎጃም ጎዳና ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ደግሞ የወተት ላሞችንና ልዩ ልዩ ፋብሪካዎችን ያገኛል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ገፈርሳንም ጨምሮ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። በላስቲኩ ቤት ውስጥ የሚበቅለው ጽጌ ረዳ ተቈርጦ በብርድ ክፍል ካደረ በኋላ በቦሌ አውሮፕላን ተጭኖ ወደ አውሮፓ ገበያ ይሄዳል።

በነዚህ እርሻዎች ውስጥ የሚሠራው ሕዝብ ብዙ ነው። አብዛኛው በቅርብ ካለው ቀበሌና ከሩቅ ወረዳ የመጣ ወጣት፥ በተለይም ሴት ነው። ከብዙው መካከል ጥቂቶቹ ግን በሙያቸው የተቀጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ከሆላንድ፥ ከእስራኤል፥ ከህንድ፥ ከኬንያ የመጡ የአበባ አሳዳጊዎች፥ የውሃና የማዳበሪያ ዐዋቂዎች፥ የተባይ መከላከል ባለሙያዎች በየእርሻው ይገኛሉ። ከጎናቸውም በሐረማያ፥ በአምቦ ወይም በጅማ ተምረው የወጡ ኢትዮጵያውያን ይቆማሉ። እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ሲሠሩ ደመወዛቸው ሊለያይ የሚገባው በምን ምክንያት ነው?

ስለ ሥራው ጠባይ

ጥያቄውን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ሥራውን መረዳት ያስፈልጋል። ጽጌ ረዳ በደጋ ሲበቅል ሌሊቱ ስለሚበርደው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ቀስ ብሎም ስላደገ ራሱ ትልቅ፥ ግንዱም ጠንካራ ይሆናል። የገፈርሳና የሆለታ፥ የሰበታም አገር ለዚህ የተመረጠው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ነው። ነገር ግን ይኸው ብርድ ጠላትም ያመጣል። ሌሊት በላስቲኩ ውስጥ እርጥበት ሲጠራቀም በቅጠሉ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከዓይን የሚሰወሩ ጥቃቅን ተባዮች ይራባሉ። የቤቱ መስኮት በስንት ሰዓት ይከፈት፥ በስንት ሰዓትስ ይዘጋ የሚለው ውሳኔ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ላወቀው ግን የሳምንቱን ምርት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ነው።

ማዳበሪያውም እንደ ስንዴ ማዳበሪያ በእጅ የሚበተን አይደለም። በውሃ ተበጥብጦ በቀጭን ቧንቧ ጠብ እያለ ለእያንዳንዱ ተክል ሥር ይደርሳል። የውሃው ኮምጣጣነት ከልኩ ቢያልፍ፥ ወይም አንደኛው ጨው ከሌላው ጋር ያለ መጠኑ ቢቀላቀል፥ የብዙ ሺህ ተክል ሥር በአንድ ጊዜ ይጎዳል። አበባውም አንድ ቀን ቀድሞ ቢቈረጥ ሳይፈካ ይቀራል፤ አንድ ቀን ዘግይቶ ቢቈረጥ ገበያ ሳይደርስ ይረግፋል።

ይህን ጥበብ ያገሪቱ የአበባ እርሻ ሲጀመር ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበረ። ስለዚህ በሆላንድ መስታወት ቤቶች፥ በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ ዳር፥ በህንድ በባንጋሎር አካባቢ የተማሩትን ማስመጣት የግድ ሆነ። እነርሱም መጥተው ባያስተምሩ ኖሮ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአበባ ሻጭ አገር ለመሆን ባልበቃችም ነበር። ይህ ሊካድ የማይገባው ውለታ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ፥ ከእንግዳው ጋር ጥቂት ዓመት የሠራው ኢትዮጵያዊ የእንግዳውን ጥበብ ይይዛል፤ እንግዳው በቶሎ የማይይዘውንም ይጨምርበታል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ በየትኛው ሸለቆ ቀድሞ እንደሚወርድ፥ የሐምሌ ደመና ብርሃኑን ስንት ሳምንት እንደሚጋርድ ያውቃል፤ ለሠራተኞቹም ትእዛዙን በኦሮምኛና በአማርኛ ያስረዳል። እንዲህ ያለው ሰው ጨለማ ሳለ መጥቶ መስኮቱን ከፍቶ፥ ማዳበሪያውን መጥኖ፥ የቈረጣውን ሰዓት ወስኖ ሲያበቃ፥ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ያንኑ ሥራ ከሚሠራው ባልንጀራው ጥቂቱን እጅ ብቻ የሚቀበልበት ምክንያት ካልተነገረው፥ ልቡ ከሥራው ይሸሻል። ልቡ የሸሸ ባለሙያ ደግሞ ወይ ወደ ሌላ እርሻ ወይ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ስለ ሁለቱ ዋጋዎች

አማርኛችን ለሥራ የሚከፈለውን «የእጅ ዋጋ» ይለዋል። ሸማኔ ድሩን ከባለቤቱ ተቀብሎ ሲሠራ የሚቀበለው የእጁን ዋጋ ነው፤ ሸማኔው ከየት እንደ መጣ አይጠየቅበትም። ከዚህ ሌላ ግን ከሩቅ የመጣ ሰው የሚያወጣው ወጪ አለ። የመሳፈሪያው፥ የቤት ኪራዩ፥ በሰው አገር የልጆቹ ትምህርት፥ ከወላጆቹና ከዘመዶቹ የመለየቱ ካሣ፥ ለሽምግልናው የሚሆን ጡረታ ሳይጠራቀምለት የሚያልፈው ዘመን፥ ይህ ሁሉ ሊቈጠርለት የሚገባ ነው። ይህንንም የመንገድ ዋጋ ብሎ መጥራት ይቻላል።

የችግሩ ሥር ያለው እነዚህ ሁለት ዋጋዎች በአንድ ቍጥር ተቀላቅለው በመጻፋቸው ላይ ነው። የሁለቱ ዋጋዎች ድምር «ደመወዝ» ተብሎ ሲጻፍ፥ አገሬው ባለሙያ የባልንጀራው እጅ ከእርሱ እጅ ብዙ ጊዜ እጥፍ የተገመተ ይመስለዋል፤ እንግዳውም ራሱ እጁ እንዲያ የከበረ ይመስለዋል። ተለይተው ቢጻፉ ግን የእጅ ዋጋው ለሁለቱም በአንድ ሚዛን ሊመዘን፥ የመንገድ ዋጋውም በወጪው ልክ ሊታይ ይችላል። ፍትሕ ማለት ሁሉ አንድ ቍጥር ይቀበል ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ ሁሉ ስም ያለው ምክንያት ይኑረው ማለት ነው።

ይህም ሥርዓት የውጭ አገር ሰው ለሆነው ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወይም ከወላይታ ተነሥቶ ሰበታ የሚቀጠር የእርሻ ባለሙያም ከሩቅ የመጣ ነው። ዘመድ በሌለበት ከተማ ቤት ይከራያል፤ ወላጆቹ ሲታመሙም ሩቅ መንገድ ይሄዳል። የመንገድ ዋጋ የሚቈጠረው በርቀትና በወጪ እንጂ በፓስፖርት ካልሆነ፥ እርሱም የድርሻውን ሊያገኝ ይገባል።

ካለፈው ዘመን የሚገኝ ትምህርት

የውጭ አገር ባለሙያ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ብዙ ዓመት አገልግሏል፤ ከእንጦጦም ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አውርዷል። ከእርሱም በኋላ አርመኖች፥ ግሪኮችና ህንዶች በግንብ፥ በንግድና በልዩ ልዩ ጥበብ ሠርተዋል። ነገር ግን የአንድ ሰው ጥበብ ከሰውየው ጋር ይመጣል፤ ከሰውየውም ጋር ይሄዳል። ዕውቀቱ በአገር የሚቀረው ተማሪ ከጎኑ ሲቆም ብቻ ነው።

ይህንን በጥሩ ሁኔታ ያሳየው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ድርጅቱ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ነበረ። አብራሪዎቹም፥ መካኒኮቹም፥ አስተዳዳሪዎቹም በመጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያንን የማሠልጠን ግዴታ ስለ ነበረበት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኑ፤ በ1971ም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ 25 ዓመት ያህል አልፏል። ዛሬ ያ አየር መንገድ በትምህርት ቤቱ የሌላውን አፍሪካ አገር ልጆች ያሠለጥናል።

በእርሻውም በኩል ምሳሌው አለ። በ1944 ዓ.ም. በተደረገው ውል የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ኢትዮጵያውያንም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኦክላሆማ እየተላኩ በመምህራኑ እግር ተተኩ። በ1960 ዓ.ም. ውሉ ሲያበቃ ኮሌጁ ቆሞ ቀረ፤ ዛሬም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይኖራል። በላስቲኩ ቤት ውስጥ ከሚገኙት የእርሻ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው።

በሰበታ አጠገብ ዓለም ገና የሚገኘው የመንገድ ሥራ ማሠልጠኛም እንዲሁ ያለ ታሪክ አለው። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የመሩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ፤ የመንገድ መኪና የሚያንቀሳቅሱ፥ የሚጠግኑና የሚቈጣጠሩ ኢትዮጵያውያን በሠለጠኑ ቍጥር ግን ሥራው ወደ እነርሱ እጅ ተላለፈ።

በቅርቡም ዘመን በዚሁ በሰበታ ምሳሌ ታየ። ከሰበታ ተነሥቶ 752 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር የሚያስተዳድሩት የቻይና ድርጅቶች ነበሩ። ባቡሩን የሚነዱት፥ ምልክቱን የሚቈጣጠሩትና ጥገናውን የሚመሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ግን በአጠገባቸውና በቻይና አገር እየተማሩ ቈዩ። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ በሥርዓት ለሁለቱ አገሮች ተላለፈ። የአየር መንገዱ 25 ዓመት የፈጀበትን ባቡሩ በ6 ዓመት ገደማ ፈጸመው። የጊዜው ማጠር የውሉን መጨረሻ ከመጀመሪያው ቈርጦ የማስቀመጥን ጥቅም ያስረዳል።

በነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ለእንግዳው መክፈሉ መጨረሻ የነበረው ነበር፤ መጨረሻውም የአገሩ ልጅ መተካት ነበረ።

ደመወዝ በዘር ሲከፈል የሚያደርሰው ጉዳት

በተቃራኒው የቆመ ምሳሌ በዓለም ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። አሜሪካውያን የፓናማን ቦይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1904 እስከ 1914 ሲያስቈፍሩ የሠራተኛውን መዝገብ ሁለት አድርገው ከፈሉት። አንደኛው «የወርቅ መዝገብ» ተባለ፤ በዚህ የተጻፈው በአሜሪካ የወርቅ ገንዘብ ይከፈለው ነበር። ሁለተኛው «የብር መዝገብ» ተባለ፤ በዚህ የተጻፈው በአገሩ የብር ገንዘብ ይከፈለው ነበር። በወርቁ የተጻፉት በአብዛኛው ነጭ አሜሪካውያን፥ በብሩ የተጻፉት ደግሞ ከባርቤዶስ፥ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። በጥቁሮቹም መካከል አናጢ፥ አንጥረኛና መምህር የሆኑ ሙያተኞች ነበሩ፤ ሙያቸው ግን ከብር ወደ ወርቅ አላሸጋገራቸውም። መኖሪያውም፥ መመገቢያውም፥ በፖስታ ቤት የሚቆሙበት መስኮት እንኳ ተለየ። ቦዩ ካለቀ በኋላም ይህ መለያየት ብዙ ዘመን ቈየ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለቱም ወገኖች ከሩቅ የመጡ መሆናቸው ነው። አሜሪካዊውም፥ የባርቤዶሱም ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። የመንገዱ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም በቈጠሩ ነበር። ስለዚህ የተከፈለው ለመንገዱ አልነበረም፤ ለመልኩና ለአገሩ ስም ነበር።

በቅርብ ዘመንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ኳታርን የጐበኙት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዘረኝነት ጉዳይ መርማሪ፥ በዚያ አገር የሰው ደመወዝና አያያዝ በመጣበት አገር ስም የሚወሰንበት ሁኔታ መኖሩን በሪፖርታቸው ገልጸዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይሠራሉና ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ወይም ነርስ በሰው አገር በፓስፖርቱ ምክንያት እንዳይናቅ የሚፈልግ ሁሉ፥ በሰበታና በሆለታም የህንዱ ወይም የኬንያው ባለሙያ ከሆላንዱ በፓስፖርቱ ምክንያት አንሶ እንዳይከፈለው መጠንቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ሁሉ ባለ ብዙ ደመወዝ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሥራ ፈቃዱ ለተወሰነ ሥራ የተሰጠ ስለ ሆነ፥ ደመወዙ ቢያንስበት እንደ አገሬው ተነሥቶ ወደ ጎረቤት እርሻ መሄድ አይቻለውም። ውሉ የተጻፈው በአገሩ ሳለ ነው፤ የኑሮውን ዋጋ የሚያውቀው ግን ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱ እንግዳ ከሚገባው በላይ፥ ሌላው እንግዳ ከሚገባው በታች ሊቀበል ይችላል፤ የሁለቱም ጥፋት ምንጩ አንድ ነው፤ እርሱም እጁ ሳይመዘን አገሩ መመዘኑ ነው።

ስለ ገንዘብ ምንዛሪ

የፓናማው ወርቅና ብር በዛሬው ጊዜ ዶላርና ብር ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህ ለውጥ በደመወዝ ሚዛን ላይ ያደረገውን በምሳሌ ማየት ይቻላል።

አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በወር 2,000 ዶላር፥ አጠገቡ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ 40,000 ብር ይቀበላሉ እንበል። በ57 ብር ምንዛሪ የመጀመሪያው 114,000 ብር ይሆንለታል፤ ይህም የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። በ100 ብር ምንዛሪ ግን 200,000 ብር ይሆንለታል፤ ይህም አምስት እጥፍ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ሥራቸውን አልለወጡም፤ የጨመሩት ዕውቀት የለም፤ ያጐደሉትም የለም። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ውል ሳይታደስ፥ ማንም ሳይመክርበት ሰፋ።

ነገሩ በሌላ ወገንም ይታያል። በብር የተቀጠረ የውጭ አገር ባለሙያ ቢኖርና በወር 57,000 ብር ቢቀበል፥ ለቤተ ሰቡ ይልከው የነበረው 1,000 ዶላር በ100 ብር ምንዛሪ ወደ 570 ዶላር ወርዶበታል። ስለዚህ ምንዛሪ ሲለወጥ ውሎችን ማየት ለአገሬው ብቻ ሳይሆን ለእንግዳውም የሚገባ ነው። አበባው የሚሸጠው በውጭ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ምንዛሪው ሲወጣ የእርሻው የብር ገቢ ይጨምራል፤ ከዚህም ጭማሪ ለባለሙያዎች ደመወዝ ምን ያህል እንደ ደረሰ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሕግ ስለሚለው

የአገሪቱ ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቍጥር 1180/2012 ባለሀብት በከፍተኛ አመራር፥ በመቈጣጠር፥ በማሠልጠንና በሌላም የቴክኒክ ሙያ የውጭ አገር ሰው መቅጠር እንዲችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ችሎታ ያለው ኢትዮጵያዊ ሲታጣ መሆኑን፥ ባለሀብቱም ሥልጠና ሰጥቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያዊ ሊተካው ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፥ በፆታ፥ በሃይማኖት ወይም በሌላ ሁኔታ ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ ለ3 ዓመት የሚጸና ሲሆን፥ በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚለውም አሳብ በሴቶች መብት በኩል በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ተጽፏል። ኢትዮጵያ በዓለም የሥራ ድርጅት ዘንድ በሥራ አድልዎን የሚከለክለውን ስምምነት በ1958 ዓ.ም.፥ ለወንድና ለሴት የእኩል ሥራ እኩል ክፍያን የሚያዝዘውን ስምምነት በ1991 ዓ.ም. ተቀብላለች።

በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽንን በያዘው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድም ክርክሩ የቈየ ነው። ከውጭ የሚመጡት ከፍተኛ ባለሙያዎች ደመወዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1921 ጀምሮ በታወቀው ደንብ መሠረት ከሁሉ የተሻለ በሚከፍለው አገር የመንግሥት ሠራተኛ ልክ ይሰላል፤ ከአገሩ የሚቀጠሩት ደግሞ በከተማው ካሉት መልካም አሠሪዎች ልክ ይከፈላቸዋል። አንድ ዓይነት ትምህርት ያላቸው ሁለት ሰዎች በዚህ ምክንያት መለያየታቸው ቅሬታ ማስነሣቱ አልቀረም። ቢሆንም አንድ መልካም ነገር አለው፤ መሠረታዊው ደመወዝ፥ የኑሮ ማስተካከያው፥ የልጆች ትምህርትና ወደ አገር መመለሻው እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፎ በግልጽ ይታወቃል። የግል እርሻዎች መጠኑን ሳይሆን ይህን የአጻጻፍ ሥርዓት ቢወስዱ ይጠቅማቸዋል።

ስለሚነሣው ክርክር

አሠሪዎች የሚሉት ሊሰማ ይገባል። «የአገሩን ደመወዝ ብንሰጠው ከናይቫሻ ተነሥቶ ማን ይመጣል?» ይላሉ፤ እውነት ነው፥ አይመጣም። ለዚህ የሚሆነው መልስ የመንገድ ዋጋው ነው። ነገር ግን የመንገድ ዋጋ ከዕውቀቱ ጋር ሊታሰብ አይገባም፤ ዕውቀቱ ወደ ተማሪው በተላለፈ መጠንም ተማሪው የእጁ ዋጋ ሊያድግለት ይገባል። «ለኢትዮጵያዊው ብንጨምር ትርፋችን ያልቃል» ለሚሉትም መልሱ በሒሳባቸው ውስጥ ይገኛል። አንድ ሙያ የተማረ ሰው ሄዶ አዲስ ሰው እስኪሠለጥን ድረስ የሚጠፋው አበባ፥ የሚባክነው ማዳበሪያና ሌላ እንግዳ ለማስመጣት የሚወጣው ወጪ ሲደመር ለቀድሞው ሊጨመርለት ይችል የነበረውን ሊበልጥ ይችላል።

ከአገሬው ባለሙያም በኩል ስሕተት አለ። እንግዳውን እንደ ጠላት ማየት፥ «እርሱ ከሄደ ደመወዙ ለእኔ ይሆናል» ብሎ ማሰብ ጥበቡን ከመቀበል ይከለክላል። ከተማሪው ምሥጢሩን የሚሸሽግ መምህርና መምህሩን የሚጠላ ተማሪ ሁለቱም እርሻውን ይጐዱታል።

ለሹማምንት የሚሆን ማሳሰቢያ

የሥራ ፈቃድ መስጠትና ማደስ የእርሻ ሹም ሥልጣን አይደለም። ይሁን እንጂ እርሻውን በየጊዜው የሚጐበኘውና ሥራውን በዓይኑ የሚያየው እርሱ ስለ ሆነ፥ ፈቃዱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት የሚጠቅመውን እውነት ሊያቀርብ ይችላል። ወደ ገፈርሳ፥ ወደ ሰበታም ሆነ ወደ ሌላ ወረዳ እርሻ የሚሄድ ሹም የሚከተሉትን ነጥቦች ቢመለከት መልካም ነው።

1ኛ፤ ከውጭ የመጣው ባለሙያ የሚሠራው ሥራ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን፤ የተባይ መከላከል ዐዋቂ ተብሎ መጥቶ የግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ የሚውል እንዳይኖር።

2ኛ፤ ለእያንዳንዱ የውጭ አገር ባለሙያ በስም የተመደበ ኢትዮጵያዊ ተማሪ መኖሩን፤ ያ ተማሪ ባለፈው ዓመት የማይችለውን ዘንድሮ ምን እንደሚችል ማሳየት መቻሉን።

3ኛ፤ በውሉ ውስጥ የእጅ ዋጋውና የመንገድ ዋጋው፥ ማለት ደመወዙና አበሉ፥ ተለያይተው መጻፋቸውን።

4ኛ፤ ተማሪው የእንግዳውን ሥራ ብቻውን ለመሥራት ሲበቃ፥ የሥራው ስምና የእጅ ዋጋው አብሮ ማደጉን፤ ሥራው ተሰጥቶት ስሙና ደመወዙ የቀድሞው ረዳት ሆኖ እንዳይቀር።

5ኛ፤ ከአንድ አገር የመጣው እንግዳ ከሌላ አገር ከመጣው እንግዳ ጋር ለአንድ ሥራ ያለ ምክንያት ተለያይቶ እንዳይከፈል፤ የውሉም ቋንቋ ለሠራተኛው የሚገባው መሆኑን።

6ኛ፤ ሴት ባለሙያዎች በዚሁ ሚዛን መመዘናቸውን፤ በቈረጣና በማሸጊያ ቤት ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው ሳለ በቴክኒክ ሥራ ላይ ጥቂቶች የሆኑበትን ምክንያት መጠየቅ።

ይህን የሚጠይቅ ሹም የአሠሪውን ምሥጢር ለመበርበር ወይም ባለሀብትን ለማሸሽ የሚሠራ አይደለም። የተጠየቁት ነገሮች ሁሉ ውሉን በትክክል ለጻፈ አሠሪ በአንድ ገጽ የሚመለሱ ናቸው። መልስ የሚያጡት ሒሳባቸው በተቀላቀለ ስፍራ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው። የገፈርሳ ውሃ ለአዲስ አበባ የሚደርሰው በግድብ ስለ ተያዘ ነው፤ ባይያዝ ኖሮ በክረምት ወርዶ በበጋ በጠፋ ነበር። ከሩቅ የሚመጣ ዕውቀትም እንዲሁ ነው። የሚይዘው ሰው ከጎኑ ካልቆመና ያ ሰው ለሥራው የሚገባውን ዋጋ እያገኘ በስፍራው ካልጸና፥ በብዙ ገንዘብ የተገዛው ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ተመልሶ ይሄዳል፤ እርሻውም ያንኑ ጥበብ እንደገና ለመግዛት ይገደዳል። እንግዳውን በመንገዱ ልክ ማክበር፥ ሁለቱንም በእጃቸው ልክ መክፈል፥ ተማሪውንም በበቃበት ቀን ወደ መምህሩ ስፍራ ማውጣት፤ ትክክለኛ ደመወዝ ማለት ይህ ነው።